የስለት ልጅ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዘግይቶ ማንበብ

የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳያነብቡ ማወቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀውም እንዲሁ ነው። የለመድነውን ነገር ሁሉ «ለምን?» እያለ የሚጠይቅ ሰው በየሰፈሩ «ጉዱ ካሣ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ሰው ግን መጽሐፉን ገልጦ ላያውቅ ይችላል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ያደመጡ ወላጆች ታሪኩን ለልጆቻቸው በቃል አውርሰዋል። እዚህ ልደታ፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢም ሆነ በፍርድ ቤቱ አካባቢ ባሉት ቡና ቤቶች፣ የመጽሐፍ ወሬ ከተነሣ አንድ ሰው «እሱን ሳታነብ አማርኛ አንብቤያለሁ አትበል» ማለቱ አይቀርም። አስከትሎም «የፍቅር መጽሐፍ ማለት እሱ ነው» ይላል።

ዘንድሮ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከ500 ገጽ በላይ ነው። ስጨርሰው ሁለት ስሜት አብረው ቀሩብኝ። አንዱ አድናቆት ነው፤ ከአማርኛ ልብ ወለድ ይህን ያህል የአንድ አገር ኑሮ በአንድ ላይ የያዘ ሌላ አላነበብኩም። ሁለተኛው ቅሬታ ነው፤ ሁሉም የመከረኝ ክፍል፣ ማለትም ፍቅሩ፣ ከመጽሐፉ ሁሉ የደከመው ሆኖ አገኘሁት። እንዲህ ያለ ስሜት ያደረባቸው አንባቢዎች ጥቂት አይመስሉኝም። የሚናገሩት ግን ጥቂት ናቸው። ለታላቅ ሥራ የምንሰጠው አክብሮት አፋችንን ይይዘዋል። እኔ ግን ሁለቱንም ስሜት ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ለመጽሐፉም የሚገባ ክብር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከቅሬታው ልጀምር። በዛብህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጠገበ ወጣት ነው። በጎጃሙ ዲማ ሳለ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ይቀጠራል። በትምህርቱ መካከል ይዋደዳሉ። ከዚህ በኋላ ያለው የፍቅር ታሪክ ገና ከጅምሩ መጨረሻው የሚታወቅ ነው፤ ርእሱ ራሱ ነግሮናል። ችግሩ መጨረሻው መታወቁ አይደለም። ችግሩ ከሁለቱ አንዷን በበቂ አለማወቃችን ነው። የሰብለን ውበት እናውቃለን፤ ጨዋነቷን እናውቃለን፤ ከሁሉም በላይ የአባቷን ኩራት እናውቃለን። ብቻዋን ስትሆን የምናገኛት ግን አብዛኛውን ጊዜ ስትተክዝ ነው። ምን እንደሚያስቃት፣ በምን እንደምትናደድ፣ ከተማረችው ነገር የትኛው እንደገረማት ደራሲው ብዙ አይነግሩንም። ይህ የሚለወጠው በመጨረሻ ነው። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ የጌታ ልጅነቷን ጥላ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ብቻዋን ስትነሣ እውነተኛ ሰው ሆና ብቅ ትላለች። እዚያ ጋ ስደርስ «ይህች ሴት እስካሁን የት ነበረች?» አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን የቀረን ገጽ ጥቂት ነው፤ ሞትም ቀድሟት ደርሷል።

ሌላው ቅሬታ የካሣ ዳምጤ ንግግር ነው፤ አገር «ጉዱ ካሣ» የሚለው ሰው። ከባላባት ወገን ተወልዶ የባላባቱን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ለዚህም እብድ የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡ ዛሬም ይነድዳል። አነጋገሩ ግን ረጅም ነው፤ አንዳንዴ ገጾች ያልፋል። በዛብህ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ታሪኩም አብሮ ይቆማል። በእነዚህ ቦታዎች ልብ ወለድ ማንበቤን ትቼ ድርሳን የማነብ መስሎ ተሰማኝ።

እንግዲህ አድናቆቱ ከየት መጣ? መልሱን ያገኘሁት ወደ መጀመሪያው ክፍል ስመለስ ነው። ብዙ ሰው ሲተርከው የሚዘልለው ክፍል እሱ ነው። መጽሐፉ በወጣት ፍቅረኞች አይጀምርም። ማንኩሳ በምትባል የጎጃም መንደር፣ በዕድሜ ገፋ ባሉ ሁለት ሰዎች ይጀምራል። ውድነሽ በጣሙ ባል የማይበረክትላት ሴት ተብላ ትታማለች። ቦጋለ መብራቱ ደግሞ ሀብት የሌለው፣ በጉልበቱ አዳሪ ሰው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያገናኟቸው ሳይቸኩሉ ነው። ትዳራቸው እንዴት እንደተመከረ፣ ሰው ምን እንዳለ፣ እነሱስ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደተፋፈሩ በትዕግሥት ይጽፋሉ። በእኔ ፍርድ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ፍቅር ይህ ነው፤ የቦጋለና የውድነሽ። ስለ እሱ ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

በዛብህ የሚወለደው ከዚህ ትዳር ነው። ልጁን በሽታ እየደጋገመ ያጠቃዋል። ወላጆቹ ፈርተው ይሳላሉ፦ ልጁ ከተረፈ ለእግዚአብሔር አገልጋይ ሊሆን፣ ሚስት ሳያገባ በድንግልና ሊኖር። ልጁ ይተርፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዛብህ ሌሎች በገቡት ቃል የታሰረ ሰው ነው። የቃል ትምህርቱም፣ ቅኔውም፣ ከቤቱ መውጣቱም የስለቱ መንገድ ነው። ሰብለን ሲወድድ የሚያስጨንቀው የአባቷ ጠመንጃ ብቻ አይደለም። እሱ ያልተናገረው፣ ግን መፍረስ የሌለበት ቃል ከኋላው አለ። ወላጆቹ በወረርሽኝ ሲሞቱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከቃሉ የመፈታት ተስፋው ከእነሱ ጋር ተቀበረ።

ይህን በልደታ ሆኖ ማንበብ የተለየ ነገር አለው። ሰፈራችን የተጠራው በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ በዓሏም ግንቦት 1 ቀን ነው። የበዓሉን ታሪክ እዚህ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲያለቅሱ ኖሩ፤ ልጅ ብትሰጠን ለቤትህ አገልጋይ እንሰጣለን ብለው ተሳሉ፤ እመቤታችን ተወለደች፤ ሦስት ዓመት ሲሞላት ወደ ቤተ መቅደስ ወሰዷት። በሊባኖስ ተራራ በስደት ተወለደች ስለሚባል፣ ግንቦት ልደታ ሲመጣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በደጅ ያከብራል። ድሮ በየግቢው በር ላይ ነበር፤ አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህም ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ቡና ያፈላል። በቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ስለት የሰመረላቸው እናቶች ጧፍና ጃንጥላ ይዘው ይገባሉ። ሕፃን ያቀፉም አሉ። «እመቤቴ ልደታ፣ ልጅ ብትሰጪኝ» የሚል ልመና በዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም፤ ከልብ የሚወጣ፣ በዕንባ የሚባል ነው።

እንግዲህ ቦጋለና ውድነሽ ማለት የኢያቄምና የሐና አምሳያ ናቸው። ደራሲው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸውና ይህ ተመሳሳይነት ሳይታያቸው የጻፉት አይመስለኝም። የጨመሩት ጥያቄ ግን ከባድ ነው፦ እናት ጧፍ ብትሳል ጧፉን ከራሷ ኪስ ትገዛለች፤ ልጇን ብትሳል ግን የሚከፍለው ማን ነው? ሐዲስ ይህን ሲጠይቁ በሃይማኖቱ ላይ አይሳለቁም። የውድነሽን ዕንባ በሙሉ ልብ ይጽፉታል፤ እናት ልጇ ሲያጣጥር እያየች ምን የማትሰጥ አለ? ተሳይዋን ሳይኮንኑ፣ የተሳሉበትንም ልጅ መከራ ሳይሸፍኑ፣ ሁለቱንም እውነት አድርገው ያቆያሉ። ይህን ማድረግ ለማንም ጸሐፊ ቀላል አይደለም።

አንዴ ስለቱን ካየሁት በኋላ ሌላው የመጽሐፉ ክፍል ሁሉ በሱ በኩል ተከፈተልኝ። ሰብለ ወንጌልም በሌላ ሰው ቃል የታሰረች ናት። የዘር ሐረጓ፣ አባቷ ለቤታቸው ስም የሚመኙት የጋብቻ ደረጃ፣ እሷ ሳትጠየቅ የተቆረጠላት ዕጣ ነው። ገበሬዎቹም እንዲሁ ናቸው። አባቶቻቸው ለፊታውራሪ አባቶች ይከፍሉት የነበረውን እየከፈሉ የተወለዱ ሰዎች ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ለጌታ የሚገባው መተያያ ሳይቀር የውርስ ዕዳ ነው። ካሣ ዳምጤ የሚጮኸው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ሰው ሳይናገር በተነገረለት ቃል እስከ መቼ ይታሰራል? በዚህ ዓይን ሳየው የሰለቸኝ ንግግሩ ቦታ አገኘ፤ ርዝመቱ አሁንም ርዝመት ነው፣ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሁሉም ገጸ ባሕርያት ዕጣ ነው።

ከዚህ አንጻር ስለ ገበሬዎቹ አመፅ ትንሽ ልዘግይ፤ በንባብ ጉባኤዎች ብዙም ሲወራለት አልሰማሁምና። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ያለፈ ግብር ሲጠይቁ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እንቢ ይላሉ፤ ነገሩ ከፍቶ ፊታውራሪው ይማረካሉ። ልብ በሉ፤ ገበሬዎቹ ሥርዓቱ ይፍረስ አላሉም። በልማድ የነበረውን እንከፍላለን፣ የተጨመረውን አንከፍልም ነው ያሉት። ይህ የጎጃምን ገበሬ በቅርብ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። የጎጃም ገበሬ ርስት ያለው ሰው ነበር፤ ጌታው ግብር ይሰበስባል እንጂ መሬቱ የጌታው አልነበረም። ስለዚህ ልማድ ለገበሬው ሰንሰለትም ጋሻም ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬዎች በእውኑም ተነሡ፤ መሬታችን ሊለካ ነው፣ ያልነበረ ግብር ሊጣልብን ነው ብለው መሣሪያ አነሡ፤ መንግሥትም ጦር ቢልክም በመጨረሻ አፈገፈገ። ሐዲስ ነቢይ ነበሩ ለማለት አይደለም። የሚጽፉትን ሕዝብ ግን በትክክል አውቀውታል። አበጀ በለው በወረቀት ላይ ያለው ከሁለት ዓመት በኋላ በእነ ሞጣና ደብረ ማርቆስ አገር ከተሰማው ጋር የሚቀራረበው ለዚህ ነው።

ደራሲው ማን እንደነበሩ ማስታወስ የካሣንም ነገር ያስረዳል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወለዱ። በደብረ ኤልያስና በዲማ ባሉት ጉባኤ ቤቶች ተማሩ፤ ኋላም አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወርር ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ታስረው ነበር። ከነጻነት በኋላ በውጭ ጉዳይ ሠሩ፤ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ፤ በእንግሊዝ አገር አምባሳደር ሆኑ። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታላቅ ባለሥልጣን ነበሩ። ይህን አስቡት። የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ካለፈ 5 ዓመት ብቻ ነው። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ አንድ ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ቃል ሁሉ አንድ ባለሥልጣን በማን አፍ ያናግረዋል? አገር እብድ ባለው ሰው አፍ። እብድ እንደ ልቡ ይናገራል፤ የሚሰማውም «ጉድ!» ብሎ ያልፋል። የካሣ ንግግር ርዝመት፣ በአንድ ሰው አፍ መከማቸቱ፣ በከፊል ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ይህ ቅሬታዬን አያጠፋውም፤ ምክንያቱን ግን ያሳየኛል።

አንድ ነገር ደግሞ በንባብ ጊዜ አስተዋልኩ። ካሣ ሲናገር የሰለቸኝን ምዕራፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብበው ሕይወት ዘራ። ዓረፍተ ነገሮቹ ለጆሮ የተሠሩ ናቸው፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ አላቸው፤ ጥያቄው ተደራርቦ መጥቶ መልሱ ላይ ያርፋል። የቅኔ ቤት ሰው ነው የጻፈው። ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ የሚጠብቁ ፊደላትን ከላያቸው ነጥብ እያደረጉባቸው ጽፈዋል፤ «አለ» የሚለው ሲላላና ሲጠብቅ አንባቢው እንዳይስት ማለት ነው። ይህን ያህል የተጨነቀ ደራሲ መጽሐፉ በድምፅ እንዲነበብ አስቦ ነበር ብል አልሳሳትም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ያደረገውም ይህንኑ ነው። አድማጩ ጥቂት ጥቂት እያለ ይደርሰው ነበርና ርዝመቱ አላስቸገረውም። ከልደታ ባቡር ተሳፍሮ፣ ቆሞ፣ በአንድ እጅ መጽሐፍ ይዞ የሚያነብ የዛሬ አንባቢ ግን ያንኑ ቃል በዝምታና በችኮላ ነው የሚያገኘው። እናቶቻችን ከወደዱት መጽሐፍ እኛ በከፊል የምንርቀው የተሰጠን በሌላ መልክ ስለሆነ ነው።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» በኋላ የመጡትን ሥራዎች ማየትም ለፍርዱ ይረዳል። በ1962 ዓ.ም. የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እና የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ታተሙ። «አደፍርስ» ብዙ ድምፆችን ያሟግታል፤ አንዱ ብቻ እውነቱን ይዞ ሌላው እንዲያዳምጥ አያደርግም። «ከአድማስ ባሻገር» ደግሞ የከተማ ሰውን የውስጥ ጭንቀት ይዞ ይነሣል። በሰብለ ላይ ያጣሁትን፣ በካሣ ላይ የበዛብኝን ነገር እነዚህ ሁለት መጻሕፍት በየራሳቸው መንገድ ሊያስተካክሉት ሞክረዋል። ነገር ግን መሬቱን፣ ደብሩን፣ ግብሩን፣ ሰርጉንና ልቅሶውን በአንድ ቤት አስገብቶ የሚያኖር ሰፊ ልብ ወለድ በአማርኛ እንደሚቻል ከአራት ዓመት በፊት ያሳየው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መንገድ ጠራጊ ሁልጊዜ ጉቶ ይተዋል፤ የኋለኛው ጉቶውን የሚያየው መንገዱ ስለተጠረገለት ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» እንደ ፍቅር ታሪክ መካከለኛ ነው፤ ሴቲቱን ዘግይቶ ያገኛታል፤ ዕጣ ፈንታንም እንደ ቀላል መውጫ ይጠቀምበታል። በሌሎች ቃል ስለታሰሩ ሰዎች እንደተጻፈ መጽሐፍ ግን በቋንቋችን አቻ አላገኘሁለትም። ወጣቶች ጀምረው የሚተዉት ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም። ያላገኙትን ነገር ቃል ስለገባንላቸው ነው። የፍቅር መጽሐፍ ነው ብለን ሰጥተናቸው፣ ብዙ ገጽ ስለ ማንኩሳ ስለት፣ ስለ ዲማ ትምህርትና ስለ ፊታውራሪ ግብር ሲያነቡ «ፍቅሩ የት አለ?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

አሳታሚዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በእጄ ያለው እትም ማብራሪያ የለውም። ርስትና ጉልት ምን እንደሚለያቸው፣ የቅኔ ቤት ተማሪ በየትኛው ደረጃ እንደሚያልፍ፣ ፊታውራሪ ከገበሬው የሚጠይቀው ግብር ምን ምን እንደነበር በገጹ ግርጌ በአጭሩ የሚያስረዳ፣ የደራሲውንም የማጥበቂያ ነጥብ በጥንቃቄ የጠበቀ እትም ያስፈልገናል። ደብረ ማርቆስ ላይ በደራሲው ስም የተጠራ የባህል ጥናት ተቋም አለ፤ ይህን የሚችሉ ምሁራንም አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ መጽሐፉን ለልጅህ ወይም ለእህትህ ልጅ የምትሰጥ ከሆነ ከማንኩሳ እንድትጀምር ንገራት፤ ውድነሽንና ቦጋለን አትለፊያቸው በላት። የካሣን ንግግር ጮክ ብላ ታንብበው። ፍቅሩ ካልጣማትም «አልጣመኝም» ትበል፤ አትቆጣት።